ያልቀባሁት ቢጫ

ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ ላይ እትዬ ዘርፌ ደወለችልኝ። ስልክ ላይ ሰላምታ አታበዛም።

«ሂሩት፣ ያ ነገርሽ እዚህ በቅሏል። ነይና ንቀይልኝ።»

«የቱ ነገሬ?»

«ስሙን በስልክ አልጠራም» ብላ ዘጋችው።

የያዝኩትን ዜና ጨርሼ ለአርታዒው ላክሁና ወደ ኦሮራ ነዳሁ። እትዬ ዘርፌ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትኖረው ሃቫና መንገድ አጠገብ ባለ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጥር ሥር፣ ማንም ውሃ ያላጠጣው አስተናግር እስከ ጉልበቴ አድጎ ቆሟል። መለከት የመሰለ ነጭ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ፣ ሲነኩት የሚከረፋ ቅጠል። ጓንት አጥልቄ ነቀልኩት። እሷ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆና «ከሥሩ! ከሥሩ ነው እንጂ!» እያለች ታዘኛለች። ሁለት ፌስታል ደራርቤ ጣልኩት። ቤቷ ስገባ እጄን ሦስት ጊዜ አስታጠበችኝና ኮክ ሰጠችኝ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጄ ትምህርት አወራን። ስለዚያ ስለ ድሮው ነገር ግን አላወራንም። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንስተነው አናውቅም።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኮሎራዶ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ ባለ የፓርኪንግ ሕንፃ መውጫ ላይ፣ ከአንድ ወንበር ሌላ ምንም በማያስገባ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበል ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና ያልፋል። ከሹፌሮቹ የምሰማው «ሃይ» እና «ታንክዩ» ነው፤ የምመልሰውም ያንኑ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ድምፄ ይጎረንንብኛል። ቀኑን ሙሉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልተናገርኩበትም።

የምኖረው ኦሮራ፣ እትዬ ዘርፌ በተከራየችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ አብዛኛውን ቀን ደብል ሺፍት ትገባለች። እኔ ስገባ ወጥታለች፤ እሷ ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ። የምንገናኘው በፍሪጁ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ምስር ወይም ጎመን በሰሃን አድርጋ፣ በሌላ ሰሃን ከድና፣ «ብዪ፣ እንዳይበላሽ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ትለጥፍበታለች። ያን ዓመት ከማንም ሰው ይበልጥ ያናገረኝ ያ የተከደነ ሰሃን ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ ነበር። ከዚያ ትምህርት ከእኔ ጋር የቀረው ዕፅዋት መሳል ብቻ ነው። አስተማሪያችን ቅጠል በማስመሪያ ያስለኩን፣ የአበባ ክፍሎችን በመርፌ እየለዩ ያስቆጥሩን ነበር። «ያላያችሁትን አትሳሉ» ይሉናል። «መጽሐፉ አምስት ስላለ አምስት አትሳሉ። ቁጠሩ። አራት ከሆነ አራት ነው።» ኋላ በጋዜጠኝነት ያገኘኋቸው አለቆች ሁሉ ተደምረው ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰጡኝም። ቡዙ ውስጥ መኪና ሲጠፋ፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ የበቀለ አረም ነቅዬ በትኬት ጥቅል ጀርባ ላይ እስል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴት አሮጌ አረንጓዴ መኪናቸውን አቁመው ትኬት ሰጡኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ ሥዕሌን ተመለከቱ። የዓይናቸው መሐል እየጠፋ እንደነበር፣ መንዳትም እንዳልነበረባቸው፣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ይሄን ማን ሳለው?»

«እኔ።»

«ቅጠሉን ትል በልቶታል።»

«አዎ፣ በልቶታል።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ሞልቶ ይስለው ነበር» አሉ።

ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እሳቸው አልቸኮሉም። ስማቸውንና አድራሻቸውን በደረሰኙ ጀርባ ጽፈው ሰጡኝ። ኤለን ይባላሉ። እኔ ሚስ ኤለን አልኳቸው፤ እንደዚያው ቀረ።

የዕረፍት ቀኔ ረቡዕ ስለነበር በሚቀጥለው ረቡዕ 15 ቁጥር ባስ ይዤ በኮልፋክስ በኩል ሄድኩ። ቤታቸው ትንሽ፣ ባለ ቀይ ጡብ ነው። የሥዕል አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ኦሪገን ትኖራለች። ሳሎናቸው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ፣ ሥዕሎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለውበት ነበር።

ታሮት የሚባል የሥዕል ካርታ አለ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ካርታ መጫወቻ ነበር፤ በኋላ ሰዎች ዕጣ ፈንታ ያነቡበት ጀመር። ሃያ ሁለት ዋና ዋና ካርታዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ቂሉ፣ ፀሐይ፣ ባሕታዊው፣ ሞት፣ ዲያብሎስ እያለ ይሄዳል። ሚስ ኤለን በእያንዳንዱ ካርታ ፋንታ አንድ የኮሎራዶ ተክል ለመሳል ተነስተው፣ አሥራ አንዱን እንደጨረሱ ዓይናቸው ከዳቸው። ቀለም ይለያሉ፤ ቀጭን መስመር ግን አይታያቸውም።

ነገሩን ሲነግሩኝ ደንገጥ ብዬ «ጥንቆላ ነው?» አልኳቸው።

«ወደፊቱን የሚነግረኝ ካርታ ቢኖረኝ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ እመላለስ ነበር?» ብለው ሳቁ።

እኔ መስመሩን፣ እሳቸው ቀለሙን፤ እንዲህ ተስማማን። ሐኪሙ ከመጪው በረዶ በኋላ ቀለም ስለመለየታቸው እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ በረዶ ሳይጀምር ሃያ ሁለቱም ማለቅ ነበረባቸው። ሚስ ኤለን ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለጉም፤ ሁሉንም በገመዱ ላይ ሰቅለው አንድ ጊዜ በገዛ ዓይናቸው ማየት።

ከግንቦት እስከ መስከረም በየረቡዑ ሄድኩ። ረቡዕ እንደምጾም ካወቁ በኋላ ቅቤም አይብም የሌለበት የባቄላ ሾርባ ይሠሩልኝ ነበር፤ አረንጓዴ ቃሪያ የተጠበሰበት፣ አፍንጫ የሚያስናፍጥ። ለቂሉ ያደረግነው ቅዝቃዜ ሊገባ ሲል ከሥሩ ተበጥሶ በነፋስ አገር ላገር የሚንከባለለውን ደረቅ እሾህ ነው። ለፀሐይ ሱፍ ሲሉኝ «ይሄማ ቀለለ» ብዬ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። ተክሉን ሁልጊዜ በእጃቸው ይዳብሱታል። ጣታቸውን በግንዱ ላይ ወደ ላይ እያስኬዱ «እዚህ ጋ ጠጉር አለው፣ አስገቢው» ይሉኛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። «ተክል ብቻ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ካርታ የምታውቂው ሰው ፊትሽ ይምጣ» ይሉ ነበር። እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የካርታውን ቁጥርና ስም፣ ተክሉንና ሰውየውን በአማርኛ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ቂሉ፣ እኔ። ጥንካሬ፣ እናቴ። አሥራ ሦስተኛው ሞት ነው። ሚስ ኤለን እንደሚሉት በሩን በቀስታ የሚዘጋ ሰው ማለት ነው። እትዬ ዘርፌ በመጦሪያው የሞቱትን አረጋውያን አጥባ፣ ጸጉራቸውን አበጥራ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ ነው ለቤተሰብ የምታሳየው። ማንም አላዘዛትም። ስለዚህ «13፣ ሞት፣ እትዬ ዘርፌ» ብዬ ጻፍኩ። የከፍተኛ አክብሮት ቃል መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሁለት ቀሩን፤ ዲያብሎስና ባሕታዊው። በካርታው ላይ ባሕታዊው ተራራ ላይ ብቻውን ፋኖስ ይዞ የቆመ ሽማግሌ ነው። ለእሱ የመረጥነው፣ ኦሮራ ውስጥ በሃይላይን ካናል የእግር መንገድ ዳር ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ረጅም ተክል ነው። ቅጠሉ እንደ ብርድ ልብስ ይለሰልሳል፤ አገር ቤት የአህያ ጆሮ የምንለው ዘመዱ አለ። ድሮ ሰዎች ግንዱን ሞራ ነክረው እንደ ችቦ ያበሩት እንደነበር ሚስ ኤለን ነገሩኝ። ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ ገና ነበረው። «ቢጫ ላይ ዓይኔን አሁንም አምነዋለሁ፤ እሱን ለመጨረሻ እናቆየው» አሉ። ለሳምንት ቀጠርን።

ለዲያብሎስ የተመረጠው አስተናግር ነበር። አበባው የሚፈካው ሲመሽ ስለሆነ በረቡዕ ቀን አይሳልም። ኮልፋክስ ላይ ከተዘጋ ማደያ ጀርባ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት ወስጄ፣ ማር በነበረበት ብልቃጥ ውስጥ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ፀሐይ ስትገባ አበባው ሲገለጥ ተቀምጬ ሳልኩ። ጥሩ ሥዕል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ከሺፍት ገባች። ስነሳ ጠረጴዛው አጠገብ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ቆማለች።

«ሂሩት፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው፣ እትዬ።»

«አበባነቱንማ አየሁት። ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ዳቱራ ይባላል።»

«ዳቱራ ትለኛለች! እኔ እኮ የቢቸና ልጅ ነኝ! አስተናግር ይጠፋኛል? አጎቴን ራቁቱን ገበያ ያስወጣው ይሄው አይደል? ለማን ልታጠጪው ነው?»

«ለማንም። ልስለው ነው።»

«ስንት ጽጌረዳ ባለበት አገር፣ እሷ አስተናግር ትስላለች!»

ሊያስቀኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያኔ ደብተሬን ከፍታ አሳየችኝ።

«ይሄስ? አሥራ ሦስት፣ ሞት፣ እትዬ ዘርፌ። የማን ጽሕፈት ነው?»

ማስረዳት ጀመርኩ። አንድም ነገር አልደበቅሁም፤ የዋህነቴ እዚያ ላይ ነው። ካርታው ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሰዎች ዕጣ ፈንታ እንደሚያነቡበት ነገርኳት። አስተናግሩ ለማን ካርታ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለዲያብሎስ አልኩ። የእሷ ስም ለምን እንደተጻፈ ስትጠይቀኝ ደግሞ አሮጊቷ ሰው አስቢ ስላሉኝ አልኩ። የምነግራት እውነት ሁሉ ከፊተኛው የባሰ ሆነባት። ስም ተጽፎ፣ ከጎኑ ሞት ተጽፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተናግር ቆሞ፣ እኛ ባደግንበት አገር ይህ ሌላ ትርጉም የለውም። መተት ነው። አገሩን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ በእሷ ዓይን አላየሁትም ነበር።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ግራ እጇን ከጡቷ ሥር አደረገች።

«እዚህ ጋ እብጠት አግኝተውብኛል» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «በመርፌ ወግተው ናሙና ወስደዋል። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ከየት አወቅሽ?»

ከየትም አላወቅሁም። አንድ ቤት እየኖርን፣ ሰሃኗን በየቀኑ እያጠብኩ፣ ምንም አላወቅሁም። ግን ይህን ብል ማን ያምነኛል? ገጹን ቀድጄ ሰጠኋት። ለንስሐ አባቷ ልታሳይ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አስተናግሩን ታች ወስጄ ጣልኩ። ሁለተኛ እዚያች ሴት ቤት እንዳልሄድ አስማለችኝ፤ ማልኩ። ሥዕሉን ግን ሹራቤ ውስጥ ደብቄ አተረፍኩት።

ሚስ ኤለን ሦስት ጊዜ ደወሉ። ስልኩ ሲጮህ ቆሜ እሰማው ነበር። ጥቅምት ላይ ፍሪጁ ላይ «ውጤቴ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ወረቀት አገኘሁ። የተከደነ ሰሃን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልነበረም። አልከሰሰችኝም፣ አልሰደበችኝም። ሰላም ትለኛለች፤ ሻወር ስትገባ ግን የመኝታ ክፍሏን በር ትቆልፋለች። ኅዳር ላይ ግሌንዴል ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። ሥራዬንም ወደ ሌላ የፓርኪንግ ሕንፃ አስቀየርኩ፤ ማክሰኞ ጠዋት ያ አረንጓዴ መኪና እንዳይመጣብኝ።

መሐላዬ ነው የከለከለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ውጤቱ ደህና ከሆነ በኋላ መሐላው ማንንም አይጠብቅም ነበር። ያስቀረኝ ኀፍረት ነው። አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ምክንያት ይናገራል፤ ሁለት ወር የቀረ ሰው ምን ይላል? የግሌንዴሉ ክፍል መስኮት ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። በረዶው ሲጥል ድምፅ የለውም፤ ማሞቂያው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። የገናን ዕለት ዳቦ በሻይ በልቼ ከሰዓት ሥራ ገባሁ።

የሄድኩት መጋቢት ላይ ነው። ከመሄዴ በፊት ካናሉ ዳር ወርጄ ተክሉን ፈለግሁ። በረዶው ግማሽ ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነበር። የዓምናው ግንድ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ቀጥ እንዳለ ቆሟል። አበባ የለውም፤ ቅጠሉም እንደ አሮጌ ቡትቶ ተንጠልጥሏል። ከነሥሩ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩት።

በሩን የከፈቱልኝ በዳበሳ ነው። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው መጥታ ወደ ኦሪገን ልትወስዳቸው ነው። ገመዱ ላይ ምንም የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ባዶ ወረቀት ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ።

«ሌላ ሥራ አግኝተሽ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«አይ፣ እርስዎን አይደለም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። የአስተናግሩን ሥዕል ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን በጣታቸው ዳር ዳሩን ነክተው አስቀመጡት። እኔ የደረቀውን ግንድ ከፊቴ አድርጌ ሳልኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። የዘር ከረጢቶቹን ቆጠርኩ፤ የተሰበረውን እንደተሰበረ አስቀመጥኩ። ቡናማና ግራጫ ቀባሁ።

«አሁን ቢጫውን» አሉ ሚስ ኤለን። ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ነበር። «ቢጫ ላይ ትንሽ ነጭ ጨምሪ። ከዚያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርቱካን።»

እንዳሉኝ በጠበጥኩት። ብሩሹን ነከርኩና ወረቀቱ ላይ አንዣበብኩ። እጄ አልወርድ አለኝ። ፊቴ ያለው ግንድ ላይ ቢጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ብሩሹን መልሼ ውሃው ውስጥ አጠብኩት።

«ገባ?»

«ገባ።»

«አበቦቹ ስንት ናቸው?»

«ሰባት» አልኩ።

«አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። የታችኛው ወደ ግራ ዞሮ አንድ ቅጠሉ እንደተቀደደ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደተጣበቁ፣ አራተኛው ውስጥ አንዲት ደቃቃ ጉንዳን እንዳለች፣ የላይኛው ገና እምቡጥ እንደሆነ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝ ነበር። ስጨርስ «ለባሕታዊው ደህና ብርሃን ነው» አሉና ሾርባ ላሙቅልሽ ብለው ተነሱ። ከኦሪገን ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ፤ ከዚያ ቁጥራቸው መሥራት አቆመ።

ከእትዬ ዘርፌ ጋር የታረቅነው ሳንታረቅ ነው። ልጄን ስወልድ ገንፎ ይዛ መጣች፤ በዚያው ቀጠልን።

በሥራዬ ስህተት ሲገኝ በማግሥቱ ማረሚያ እንጽፋለን። ብዙ ጽፌያለሁ፤ የስም ስህተት፣ የቦታ ስህተት፣ የቁጥር ስህተት። አውቄ ተናግሬ ያላረምኩት ውሸት ግን ያ አንዱ ነው። ለብዙ ዓመት ያስጨነቀኝ፣ ልጃቸው ሥዕሎቹ ያሉበትን አቃፊ ከፍታ «እማዬ፣ እዚህ ላይ እኮ አበባ የለም» የምትልበት ቀን ነበር። አስተማሪዬ ያስተማሩኝን በወረቀቱ ላይ ጠብቄ በአፌ ማፍረሴን እያሰብኩ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ።

ሰውን ስጠይቅ የምውል ሰው ሆኜ፣ ቀላሉን ጥያቄ ለራሴ ያቀረብኩት በቅርቡ ነው፤ እውነት አምነውኝ ነበር? ሚስ ኤለን የኮሎራዶን ዕፅዋት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ያ ተክል በመጋቢት እንደማያብብ አይጠፋቸውም። ያላየሁትን እንደማልስልም ያውቃሉ። ደግሞ ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተክሉን አምጪና ልዳብሰው አላሉኝም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስንት ናቸው ብለው ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ ንገሪኝ አሉኝ፤ እኔም ነገርኳቸው። ማረሚያውን የሚጠብቅ ሰው የለም።